ጣና ዳር ድንኳን ተክሎ አንድ ቀን ማረፍ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ያደግኩት ባሕር ዳር ነው። ዘመዶቼና ጓደኞቼ መኪናቸውን ጭነው ወደዚህ ለመምጣት ባሰቡ ቁጥር ስልኬ ይጮሃል። ጥያቄው በየዓመቱ ያው ስለሆነ ሰብስቤ ጻፍኩት። ከሁሉም በፊት ግን አንድ ነገር ልለምናችሁ። ከጉዟችሁ ውስጥ አንድ ሙሉ ቀን ለምንም ነገር አትመድቡት። መኪናው ከቆመበት አይነሳ፤ እናንተም ከሐይቁ ዳር አትነሱ።

ካራቫን የለንም። ያለ ካራቫን ይሆናል?

በደንብ ይሆናል። ካራቫን፣ ማለትም መኪና የሚጎትተው ቤት፣ እዚህ አገር ያለው ሰው ጥቂት ነው። ጣና ዳር የምናየውም ብዙውን ጊዜ አፍሪካን በመኪና ከሚያቋርጡ የውጭ መንገደኞች ጋር ነው። የእኛ ሰው የራሱ ዘዴ አለው። አጎቴ የአባዱላውን የኋላ ወንበሮች ይፈታና ፍራሽ ያነጥፍበታል። መስኮቶቹን በነጠላ ይጋርዳል። ልጆቹ አጠገቡ በተተከለ ድንኳን ያድራሉ። ከመኪናው ጣሪያ እስከ ዛፉ ድረስ ሸራ ይወጠራል፤ እሱ ሳሎን ይሆናል። ከዚህ በላይ ምን ያስፈልጋል?

መኪና ውስጥ የምታድሩ ከሆነ መስኮቱን ትንሽ ክፈቱ። ቢበርዳችሁም ከሰል ወደ ውስጥ አታስገቡ። ከከሰል የሚወጣው መርዝ ሽታ የለውም፤ ሰውን እንደተኛ ይገድለዋል። ጋቢ ደርቡ።

የት ነው የምናርፈው?

ለካራቫን ተብሎ የመብራትና የውሃ መስመር የተዘረጋለት ቦታ በአገራችን እምብዛም አይገኝም። የሚያዋጣው ሐይቁ ዳር ግቢ ያላቸውን ሆቴሎችና ሎጆች መጠየቅ ነው። ግቢያቸው ውስጥ መኪና እንድታቆሙና ድንኳን እንድትተክሉ የሚፈቅዱ አሉ። ሽንት ቤት፣ ሻወርና ጥበቃ አብሮ ይገኛል።

ዋጋው በሰው ነው ወይስ በድንኳን፣ ሻወር ይጨምራል ወይስ አይጨምርም፣ ከመግባታችሁ በፊት ጨርሱ። አንድ ጊዜ በስልክ የተነገረኝ ዋጋ በር ላይ ስደርስ እጥፍ ሆኖ ጠበቀኝ። ልጆቹ መኪና ውስጥ ተኝተዋል፣ መሽቷል፣ ከፈልኩ። ከዚያ ወዲህ ዋጋውን በጽሑፍ መልእክት ካላስላክሁ ከቤቴ አልወጣም።

ለመጀመሪያ ጊዜ የምትመጡ ከሆነ ባሕር ዳር ይሻላችኋል። ገበያው፣ ሐኪም ቤቱ፣ መካኒኩ ቅርብ ነው። ፍጹም ጸጥታ ለሚፈልግ ደግሞ በሰሜኑ ዳርቻ ያለችው ጎርጎራ አለች። ከጎንደር 60 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች። እውነቱን ለመናገር የእኔ ልብ ያለው እዚያ ነው።

በማንም ያልተያዘ የሚመስል ሜዳ ስታዩ ግን ዝም ብላችሁ አትግቡ። በበጋ የሐይቁ ውሃ ወደ ኋላ ሲሸሽ የሚወጣውን መሬት እዚህ ባሕር ሸሽ ይሉታል። ገበሬው ያርሰዋል፣ ከብቱን ያሰማራበታል። የቤተ ክርስቲያን ይዞታ የሆነ ዳርቻም ብዙ ነው። አካባቢው ላይ ያገኛችሁትን ትልቅ ሰው «አያ፣ እንደምን ዋሉ፤ እዚህ ብናድር ያስቀይማል?» ብላችሁ ጠይቁ። አብዛኛውን ጊዜ ፈቃድም ታገኛላችሁ፣ ቅጠሉ የማይረግፍ፣ ጥላ ያለው ዛፍም ይጠቁሟችኋል።

በየትኛው ወር እንምጣ?

ከጥቅምት አጋማሽ እስከ የካቲት። በመስከረም አገሩ ሁሉ አረንጓዴ ነው፣ አደይ አበባው ያምራል፤ ነገር ግን ሐይቁ ሞልቶ ዳርቻው ረግረግ ይሆናል። ከባድ መኪና ከገባ ሰምጦ ይቀራል። ኅዳርና ታኅሣሥ ሌሊቱ ይቀዘቅዛል። ጣና ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ እንዳለ አትርሱ። መጋቢትና ሚያዝያ ደግሞ ሙቀቱ ያስጨንቃል። በክረምት ድንኳን ይዞ መምጣት አይመከርም።

ጥምቀት ሲደርስ ወደ ጎንደር የሚሄደው ሰው ብዙ ስለሆነ ማረፊያው ሁሉ ይያዛል። በዚያ ሰሞን የምትመጡ ከሆነ ቀደም ብላችሁ ደውሉ።

መንገዱስ?

ከአዲስ አበባ በደብረ ማርቆስ በኩል 560 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከደጀን በብቸናና በሞጣ የሚታጠፈው መንገድ ያጥራል። ተጎታች ይዞ ለሚመጣ ሰው ግን የደብረ ማርቆሱን እመርጣለሁ፤ ፍኖተ ሰላም፣ ቡሬ፣ እንጅባራ፣ ዳንግላ እያለ ከከተማ ወደ ከተማ ያደርሳል።

ፈተናው ዓባይ በረሃ ነው። ከጎሐ ጽዮን እስከ ደጀን ባለው 40 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ከ1,000 ሜትር በላይ ትወርዱና መልሳችሁ ትወጡታላችሁ። የጫነ መኪና በፍሬን ብቻ አይወርድም፤ ፍሬኑ ይግላል፣ ከዚያ አልይዝ ይላል። በከባድ ማርሽ ቀስ ብላችሁ ውረዱ። የፍሬን ሽታ ከሸተታችሁ ዳር ይዛችሁ አቀዝቅዙት።

ስለ ጸጥታው ሳልናገር አላልፍም። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ በአማራ ክልል ባለው ግጭት የተነሳ መንገድ የሚዘጋበት ጊዜ አለ። ትናንት የመጣ ሹፌር ጠይቁ፤ የሳምንት ወሬ አይበቃም። ማታ አትንዱ። ካልሆነ በአውሮፕላን መጥታችሁ ድንኳኑን ከሻንጣ ጋር መያዝ ይቻላል። እሱም ካልሆነ ለሌላ ጊዜ ይቆይ፤ ጣና የትም አይሄድም።

መኪናውን እንዴት እናቁመው?

አፍንጫው ወደ መውጫው ይሁን። ደልዳላ መሬት ፈልጉ፤ ካልተገኘ ዝቅ ባለው ጎማ ሥር ጠፍጣፋ ድንጋይ አስገቡ። ጭንቅላት ወደ ታች ሆኖ ማደር ራስ ምታት ነው። ጥላው ጠዋት የት እንዳለ ሳይሆን ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ የት እንደሚሆን አስቡ። ከውሃው ደግሞ ራቅ በሉ። ምክንያቱን ስለ ጉማሬ ስጽፍ እነግራችኋለሁ።

ቀኑን ሙሉ ምን እንሠራለን? አይሰለችም?

ብዙ ሰው የሚጠይቀኝ ይህን ነው፤ ስለዚህ ረዘም አድርጌ ልመልስ።

ከንጋቱ 12 ሰዓት ላይ ተነሱ። የዚያ ሰዓት ጣና ከሌላው ሰዓት ጣና ጋር አንድ አይደለም። ነፋስ የለም። ውሃው ልስልስ ብሎ ተኝቷል። ራቅ ብላችሁ ካያችሁ ሰው ውሃ ላይ ተቀምጦ ሲሄድ ታያላችሁ። ታንኳ ነው። ከደንገል የሚታሰር፣ ከውሃው ብዙም ከፍ የማይል ስለሆነ ከሩቅ አይታይም፤ የሚታየው ሰውየው ብቻ ነው። ሲቀርብ መቅዘፊያው ውሃውን ሲነካ ጠብ፣ ጠብ የሚል ድምጽ ይሰማል። ደንገሉ ውሃ ስለሚጠጣ ሲጨርስ ታንኳውን ወደ ዳር ያወጣና ፀሐይ ላይ ያቆመዋል። ልጆቻችሁ ሄደው ይዩት፣ አስፈቅደው ይንኩት። ሲነኩት ከጎማ ይልቅ ከርጥብ ገለባ ጋር ይመሳሰላል።

2 ሰዓት ሲሆን ቡና አፍሉ። ጀበናውንና ከሰል ማንደጃውን ከቤት ይዛችሁ ኑ። ቄጠማው እዚሁ ዳርቻው ላይ አለ። ቡናው የዘጌ ከሆነማ ሌላ ነው። ዘጌ፣ ወደ ጣና ገባ ያለው ባሕረ ገብ መሬት፣ በሬ ጠምዶ ማረስ በባህሉ የተከለከለበት አገር ነው፤ ለዚህም ነው ጫካው ከነቡናው እስከ ዛሬ የቆየው። አቦልን ስትጠጡ ስልካችሁን መኪና ውስጥ ተዉት። ሦስተኛው ስኒ ላይ ስትደርሱ ጠዋቱ አልፏል፤ አንዳችም ነገር አልሠራችሁም። ይህ ነው የሚፈለገው።

ረፋዱ የልጆች ነው። መሬት ላይ ጉድጓድ ቆፍረው በጠጠር ገበጣ ይጫወቱ። የማያውቁ ከሆነ አያት አምጡላቸው፤ አያት የመጣ እንደሆነ ጨዋታውን ራሱ ይይዘውና ልጆቹ ተመልካች ይሆናሉ። ከ6 ሰዓት እስከ 9 ሰዓት ፀሐዩ ይከብዳል። ብሉና ተኙ። የቀን እንቅልፍ ከሸራ ጥላ ሥር፣ ነፋሱ ሸራውን እያራገበው፣ ከየትኛውም የሆቴል አልጋ ይበልጣል። ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ሲነሳ ሐይቁ ይቀየራል። ማዕበሉ ዳርቻውን መምታት ይጀምራል። ድምጹን ሰምቶ የማያውቅ ሰው ዝናብ የመጣ ይመስለዋል።

ከ10 ሰዓት በኋላ ወፎቹን ተመልከቱ። የአክስቴ ባል አዲስ አበባ ተወልዶ ያደገ፣ መቀመጥ የማይወድ ሰው ነው። የመጀመሪያ ቀን በየግማሽ ሰዓቱ «አሁንስ የት እንሂድ?» ይል ነበር። ማታ ላይ ጠፋብንና ስንፈልገው ውሃው ዳር ድንጋይ ላይ ተቀምጧል። ጥቁርና ነጭ የሆነች ትንሽ ዓሣ አጥማጅ ወፍ እያየ ነው። ወፏ አየር ላይ አንድ ቦታ ቆማ ክንፏን ታርገበግባለች፤ ከዚያ አፏን ወደ ታች አድርጋ እንደ ድንጋይ ትወድቃለች። ባዶዋን ትወጣለች። እንደገና። «ሰባት ጊዜ ሳተች» አለኝ ዞር ሳይል። «ስምንተኛውን ሳላይ አልነሳም።» አልተነሳም። ስምንተኛውንም ሳተች፤ በዘጠነኛው አንዲት ትንሽ ዓሣ ይዛ ወጣች። ሰውየው አጨበጨበ። በማግስቱ ጢስ ዓባይ ፏፏቴን ለማየት ስንነሳ «እኔ እዚህ ልቆይ» ያለው እሱ ነበር።

ፀሐይ ስትጠልቅ ምን እንደሚታይ አልጽፍም፤ ወንበራችሁን ወደ ምዕራብ አዙሩ።

ልጆቹ ሐይቁ ውስጥ ቢዋኙስ?

አይዋኙ። ይህን ስል ልቤ ያዝናል፤ እኔ ራሴ ዋኝቼ ነው ያደግኩት። ግን በ12 ዓመቴ በብልሃርዝያ ታምሜ፣ ደም እያየሁ፣ እናቴ ጤና ጣቢያ ይዛኝ ሮጣለች። የበሽታው ተሕዋስ በውሃ ውስጥ ባለ ቀንድ አውጣ አድጎ ይወጣና በሰው ቆዳ አልፎ ይገባል። ቁስል አያስፈልገውም። ዳር ዳሩን ያለው፣ ሣር የበዛበት፣ ለልጅ ምቹ የሚመስለው ውሃ ነው ይበልጥ የሚያሰጋው። የአገሬው ልጆች ሲዋኙ ስላያችሁ አትታለሉ።

ገብቶ የተገኘ ልጅ ካለ አትደንግጡ፤ መድኃኒት አለው። ስሙ ፕራዚኳንቴል ይባላል። ከተመለሳችሁ በኋላ ከጥቂት ሳምንታት ቆይታችሁ አስመርምሩት። ለመታጠቢያ የሻወሩን ውሃ ተጠቀሙ፤ ለመጠጥ የታሸገ ወይም የፈላ።

ጉማሬ አለ ይባላል። እውነት ነው?

እውነት ነው። በተለይ ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት አካባቢ። ቀን ቀን ውሃ ውስጥ ነው የሚውለው። ሲመሽ ሣር ሊግጥ ይወጣል፣ ሳይነጋ ይመለሳል። የሚሄድበት መንገድ አንድ ነው፤ በየሌሊቱ ያንኑ ይረግጣል።

ይህን የተማርኩት ድንኳኔን አጭር፣ ለስላሳ፣ የታጨደ የሚመስል ሣር ላይ የተከልኩ ጊዜ ነው። «ማን እንዲህ አሳምሮ አጨደው?» እያልኩ ነበር። ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ነቃሁ። ከድንኳኑ ውጭ የሆነ ነገር ሣር ይነጫል። ግጭ፣ ግጭ። ከዚያ ረጅም ትንፋሽ። ባለቤቴ እጄን ያዘችኝ። የግቢው ጥበቃ ራቅ ካለ ዛፍ ሥር ሆኖ በሹክሹክታ «እንዳትንቀሳቀሱ፣ ባትሪም አታብሩ» አለን። አንድ ሰዓት ያህል እንደዚያው ቆየን። ሲነጋ ስንወጣ አራት ጣት ያለው፣ ድስት የሚያክል ኮቴ ከድንኳኑ ካስማ በሦስት ክንድ ርቀት ላይ ታትሟል።

ስለዚህ ድንኳን ከመትከላችሁ በፊት ጥበቃውን «ጉማሬ በየት በኩል ይወጣል?» ብላችሁ ጠይቁ። ወደ ውሃው የሚወርድ የተደመሰሰ መንገድ ካያችሁ ራቁ። ሲመሽ ውሃ ዳር አትቀመጡ። ከጉማሬና ከውሃው መካከል የቆመ ሰው መውጫ መንገዱን ዘግቶበታል፤ አደጋ የሚደርሰውም በዚህ ነው። ቀን ላይ ከሩቅ ካያችሁት ግን አትፍሩ። ጆሮውን ሲያርገበግብ ማየት ደስ ይላል።

ትንኙ እንዴት ነው?

ባሕር ዳር ወባ አለ። በተለይ ክረምቱ ካበቃ በኋላ፣ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ድረስ ይበዛል። አጎበር ይዛችሁ ኑ፤ መኪና ውስጥም ቢሆን ይሰቀላል። ከምሽቱ 12 ሰዓት በኋላ ረጅም እጅጌና ካልሲ ልበሱ፣ የሚቀባውን መከላከያም ተቀቡ። ቤታችሁ ከገባችሁ ከሁለት ወይም ከሦስት ሳምንት በኋላ ትኩሳት ቢነሳ «ጉንፋን ነው» አትበሉ። ሄዳችሁ ተመርመሩ፤ ጣና ዳር እንደነበራችሁም ለሐኪሙ ንገሩ።

ምን እንብላ?

ዓሣ ነዋ! ጠዋት ታንኳና ጀልባ ሲመለስ ዳር ላይ ቆማችሁ ግዙ። ለመጥበስ ቀረሶ ምረጡ፤ ሥጋው ነጭና ለስላሳ ነው። አምባዛ ትልቅና ስባም ስለሆነ ለወጥ ይሻላል። ትኩስ መሆኑን በዓይኑና በስንጥቡ እወቁት። ዓይኑ የጠራ፣ ስንጥቡ ቀይ ይሁን። ስንጥቡ ቡናማ ከሆነ እለፉት።

አሠራሩ ቀላል ነው። ሆዱ ተከፍቶ ይጸዳል፣ ቅርፊቱ ይፋቃል። ጎኑን በቢላ ሦስት ሦስት ቦታ ሰንጠቅ አድርጉት። ጨውና ሎሚ እሹበት፣ ሩብ ሰዓት ይቆይ። ዘይቱ በደንብ ሳይግል አታስገቡት፤ ይጣበቃል። አንዴ ካስገባችሁት ደግሞ አትነካኩት፤ ጠርዙ ወርቅ ሲመስል አንድ ጊዜ ብቻ አገላብጡት። በሚጥሚጣና በሎሚ፣ በእጅ። የዳጉሳ እንጀራ ካገኛችሁ ከሱ ጋር ሞክሩት።

ጿሚ ካለ ሽሮና ምስር ያዙ። እንጀራ ከተማው ውስጥ ይገዛል። ማንጎ ከወቅቱ ጋር ከገጠመ በቅርጫት ግዙ።

ገዳማቱን በዚያው ቀን ብናይስ?

በሌላ ቀን እዩዋቸው። ለዚያ አንድ ሙሉ ቀን ይገባቸዋል። ዘጌ በጀልባ አንድ ሰዓት ገደማ ነው፤ የኡራ ኪዳነ ምሕረት የግድግዳ ሥዕሎች በችኮላ የሚታዩ አይደሉም። እንደ ክብራን ገብርኤልና ዳጋ እስጢፋኖስ ያሉት ገዳማት ሴት አያስገቡም፤ ከመነሳታችሁ በፊት እወቁት። ጀልባ በጠዋት ያዙ፤ ከሰዓት በኋላ ማዕበል ይነሳል። የመንሳፈፊያ ጃኬት የሌለው ጀልባ ላይ አትውጡ፣ ባለጀልባው ምንም ቢላችሁ።

ቆሻሻውንና እጣቢውን የት እናድርገው?

ወደ ሐይቁ አይሂድ፤ አንድ ጠብታም ቢሆን። ጣና ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ይሰፋል፤ ጥልቀቱ ግን ጥልቅ በተባለው ቦታ እንኳ ከ15 ሜትር አያልፍም። ሰፊ ነው እንጂ ጥልቅ አይደለም። የገባበትን ነገር ቶሎ ያሳያል። እምቦጭ በ2004 ዓ.ም. ገደማ ሲታይ ጥቂት አረንጓዴ ቅጠል ነበር። ከዚያ በደንቢያና በፎገራ በኩል ዳርቻውን ሸፈነው። ሕዝቡ ውሃ ውስጥ እስከ ወገቡ ቆሞ በእጁ ነቀለው። ያን ያየ ሰው ሳሙና ያለበትን እጣቢ ወደ ውሃው መድፋት አይችልም፤ እምቦጭ የሚፋፋው እንዲህ ባለው ማዳበሪያና እጣቢ ነው። ዩኔስኮ በ2007 ዓ.ም. ጣናን የባዮስፌር ጥብቅ ቦታ አድርጎ መዝግቦታል። ለእኛ ግን ከዚያ በፊትም ቤታችን ነበር።

እጣቢውን በባልዲ ሰብስቡና ከሐይቁ ርቃችሁ አፈር ላይ ድፉት። የካራቫን ሽንት ቤት ያለው ሰው የግቢውን ሽንት ቤት ይጠይቅ። ፕላስቲኩን በማዳበሪያ ከረጢት ጠቅልላችሁ ወደ ከተማ መልሱት።

ማታ እሳት ማንደድና ሙዚቃ መክፈት ይቻላል?

እሳት ግቢው ከፈቀደ፣ በማንደጃ። በበጋ ደንገሉና ሣሩ ደረቅ ስለሆነ መሬት ላይ አታንድዱ። ሙዚቃ ዝቅ አድርጉት። ድምጽ ውሃ ላይ ሩቅ ይሄዳል፤ ወዲያ ማዶ የሚጸልዩ መነኮሳት አሉ። ዝም ካላችሁ ደግሞ እናንተም የእነሱን ደወል ትሰማላችሁ።

ኔትወርክና ቻርጅ?

ከተማው አካባቢ አለ። ራቅ ካላችሁ ይቆራረጣል። ፓወር ባንክ ያዙ።

ስንት ሌሊት ይበቃል?

ሦስት። የመጀመሪያውን ቀን መንገዱ ይበላዋል፣ ሦስተኛውን ለገዳማቱ ወይም ለፏፏቴው ስጡት። የመሃሉ የእረፍታችሁ ነው። የምትሄዱበት ቀን ድንኳኑን በማለዳ አታጥፉት፤ የሐይቅ ዳር ጤዛ ይበዛል፣ እርጥብ ሸራ ከታጠፈ ይሻግታል። እስከ 3 ሰዓት ፀሐይ ይምታው። እስከዚያ ድረስ አንድ ጀበና ቡና ይደርሳል።